ጥርስ በመፋጨት ሲያልቅ፦ መንስኤውና ሕክምናው

በዚህ እትም የጤና ገጻችን የምናነሣው ጉዳይ ተኝተው ጥርሳቸውን ስለሚያፋጩ ሰዎችና በዚሁ ምክንያት እያጠረና እየሳሳ ስለሚሄድ ጥርስ ነው። ነገሩ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ዳሩ ግን በአንድ ሸራ ሥር አምስትና ስድስት ሆነው በሚያድሩበት ኑሮ የአንዱ ጥርስ መፋጨት የሌላውን እንቅልፍ ይነሣል፤ አንዳንዴም ጠብ ያስነሣል። ከዚህ የሚብሰው ግን ሌላ ነው። ጥርሱ ያለቀበት ሰው ሕመሙ ሲጸናበት "ይነቀልልኝና ልገላገል" ብሎ ሥሩ ደህና የሆነ ጥርስ አስነቅሎ ይመለሳል። የተነቀለው ጥርስ ተመልሶ አይበቅልም፤ ማፋጨቱም ከጥርሱ ጋር አብሮ አይነቀልም። በቀሩት ጥርሶች ላይ ይቀጥላል፤ ቁጥራቸው ስለቀነሰም ሸክሙ ይበዛባቸዋል። በመሆኑም ወደ መንቀል ከመሄድ በፊት የጥርሱ ማለቅ ከምን እንደ መጣ ማወቁ ይጠቅማል።

ጥርስ እንዴት ያልቃል?

የጥርስ የላይኛው ነጭ ሽፋን ኢናሜል ይባላል። በሰው አካል ውስጥ ካለው ነገር ሁሉ የጠነከረው እርሱ ነው፤ አጥንት እንኳ አይደርስበትም። ነገር ግን አንድ ጉድለት አለበት። አጥንት ቢሰበር ይጠገናል፣ ቆዳ ቢላጥ ይሽራል፤ ኢናሜል ግን ሕይወት ያለው ሴል ስለሌለው አንዴ ካለቀ ራሱን መልሶ አይሠራም። ከሥሩ ያለው ክፍል ዴንቲን ይባላል። ይህ ቢጫ መልክ ያለው፣ ከኢናሜል በጣም የሚለሰልስ ነው። በውስጡም በዓይን የማይታዩ ቀጫጭን ቀዳዳዎች አሉት፤ እነርሱም ወደ ጥርሱ እምብርት፣ ነርቩ ወዳለበት ይዘልቃሉ። ቀዝቃዛ ውሃ ወይም ንፋስ ሲነካው ጥርሳችን እንደ መርፌ የሚወጋን በዚህ ምክንያት ነው። ኢናሜሉ አልቆ ዴንቲኑ ከተገለጠ በኋላ የማለቁ ፍጥነት ይጨምራል። "ለስንት ዓመት ምንም ሳይለኝ ዘንድሮ ባንዴ አጠረብኝ" የሚል ሰው ብዙ ነው፤ እውነቱ ግን ለስንት ዓመት ያለቀው ጠንካራው ክፍል ነበር፣ ዘንድሮ የደረሰበት ለስላሳው ነው።

ዕድሜ ሲገፋ ጥርስ ጥቂት ማለቁ ያለ ነገር ነው፤ የሰባ ዓመት አዛውንት ጥርስ እንደ ጎረምሳ ጥርስ ስለት አይኖረውም። የሚያሳስበው በሃያና በሠላሳ ዓመት የአዛውንት ጥርስ መያዝ ነው።

ታዲያ ያለቀ ጥርስ ሁሉ በመፋጨት ያለቀ አይደለም። ጥርስ ከጥርስ ጋር ሲፋጭ ያልቃል፤ ባዕድ ነገር ሲሞርደው ያልቃል፤ አሲድ ሲበላውም ያልቃል። ብዙ ጊዜ ደግሞ ሦስቱ ተባብረው ይመጣሉ። በመፋጨት ያለቀ ጥርስ ጫፉ እንደ ተቆረጠ ዝርግ ሆኖ ያብረቀርቃል፤ የላይኛውና የታችኛው ያለቁበት ቦታም ሲጋጠም ልክ ለልክ ይገናኛል። ክራንቻው ሹልነቱን አጥቶ ከጎረቤቶቹ ጥርሶች ጋር እኩል ይሆናል። አሲድ የበላው ግን ጠርዙ ዝርግ ከመሆን ይልቅ መሐሉ እንደ ትንሽ ሲኒ ይጎደጉዳል፤ ወይም የላይኞቹ የፊት ጥርሶች በምላስ በኩል ይሳሳሉ። ይህ አሲድ ከሎሚና ከለስላሳ መጠጥ፣ ቃር ከሚያስቸግረው ሰው ደግሞ ከገዛ ጨጓራው ይመጣል። አሲድ የነካው ኢናሜል ለጊዜው ስለሚለሰልስ በዚያው ሌሊት ቢፋጭ እጥፍ ይጎዳል። ባዕድ ነገር የምንለው ደግሞ ሩቅ አይደለም፤ እንጀራ ወይም ቂጣ ስንበላ "ቀጭ" የሚለን አሸዋ ነው። እህል በመሬት ላይ ሲበራይ፣ በድንጋይ ሲፈጭ፣ ከረጢቱ በአቧራ መሐል ሲከፈት አሸዋ ይገባዋል። ስንዴውን፣ ማሽላውን፣ ምስሩን ከመፍጨትና ከመቀቀል በፊት ማንጓለልና መልቀም እናቶቻችን ያስተማሩን ሥራ ነው፤ ለጥርስም መድኃኒት ነው። ጥርስን በከሰል፣ በአመድ ወይም በአሸዋ መፈግፈግም ለጊዜው ያነጣው ይመስላል እንጂ ኢናሜሉን ይሞርደዋል።

ከዚህ ጋር መምታታት የሌለበት ብልዝ ጥርስ አለ። በስምጥ ሸለቆ፣ ለምሳሌ በወንጂ አካባቢ ያደጉ ሰዎች ጥርሳቸው ቡናማ የሚሆነው በልጅነታቸው የጠጡት የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ስለበዛበት ነው። የባሰበት ብልዝ ኢናሜሉ ስለሚሸራረፍ በመፋጨት ያለቀ ይመስላል፤ ምክንያቱ ግን የተለየ ነው።

ሌሊት ለምን ይፋጫል?

ጥርስ ማፋጨት በእንቅልፍ ውስጥ የሚነሣ የመንጋጋ ጡንቻ እንቅስቃሴ ነው። ሰው ሌሊቱን ሙሉ በአንድ ዓይነት እንቅልፍ አይተኛም፤ ለጥቂት ሰከንዶች ብቅ ብሎ ተመልሶ የሚሰምጥበት ጊዜ ብዙ ነው። ማፋጨቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በነዚህ ብቅ በሚልባቸው ቅጽበቶች ነው። ስለሆነም የሚያፋጨው ሰው ራሱ አያውቅም፤ ሲነግሩትም ይክዳል፤ ሊቆጣም ይችላል። ነቅተን ስንበላ ጠጠር ቢያጋጥመን ወዲያው አፋችንን እንከፍታለን፤ በእንቅልፍ ግን ይህ ጥንቃቄ ስለሚላላ ጉልበቱ ነቅተን ከምንነክሰው ሊበረታ ይችላል። ይህ የጥቂት ሰዎች ጉድ ብቻ አይደለም፤ ከመቶ አዋቂዎች ወደ 8 የሚሆኑት በእንቅልፋቸው ያፋጫሉ ተብሎ ይገመታል።

አንድ ብቻ የሆነ ምክንያት የለውም። በቤተሰብ የሚወረስበት ጊዜ አለ። እንቅልፍን የሚቆራርጥ ነገር ሁሉ ያባብሰዋል፦ ከመሸ በኋላ የሚጠጣ ቡና፣ ሲጋራ፣ አልኮል። ከሚያንኮራፉት መካከል በየመሐሉ ትንፋሻቸው ቆሞ በድንገት የሚመለስላቸው ሰዎችም ጥርሳቸውን ሲያፋጩ ይታያል፤ እነርሱ ለትንፋሹ ሲሉ ሐኪም ዘንድ መቅረብ ይኖርባቸዋል። ለድብርት ከሚታዘዙት መድኃኒቶች ውስጥ አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ ፍሉኦክሰቲንና ሰርትራሊን፣ በአንዳንድ ሰው ላይ ይህን ያመጣሉ። እንዲህ የሆነበት ሰው መድኃኒቱን በራሱ ፈቃድ ሳያቋርጥ ላዘዘለት ሐኪም ይንገር፤ መጠኑን ወይም ዓይነቱን መለወጥ ይቻላል።

ከሁሉ በላይ በእኛ ዘንድ ሊነገር የሚገባው ግን የሐሳብ ነገር ነው። ቋንቋችን አስቀድሞ አውቆታል፤ "ጥርሴን ነክሼ ቻልኩት" እንላለን። ይህ አባባል ብቻ አይደለም። ሰው ሲጨነቅ፣ ሲናደድ፣ ዜና ሲጠብቅ ሳይታወቀው ጥርሱን ገጥሞ ይውላል። ጦርነት ያዩ፣ የታሰሩ፣ በመንገድ ላይ ሰው የሞተባቸው ሰዎች ጥርሳቸውን አብዝተው የሚነክሱና የሚያፋጩ መሆናቸው በልዩ ልዩ አገር በተደረገ ጥናት ተመዝግቧል። ከማፋጨቱ ጋር ቅዠት፣ በድንጋጤ መንቃት፣ ቀን ቀን መደንገጥ ካለ የጥርስ ሕክምናው ብቻውን አይበቃም። ይህ እብደት አይደለም፤ የሚያሳፍርም አይደለም። በጤና ጣቢያው የምክር አገልግሎት ካለ እዚያ ሄዶ መነጋገር፣ ከሌለም ለሚያምኑት የሃይማኖት አባት ወይም ሽማግሌ መንገር ለመንጋጋውም ይጠቅመዋል።

ጫትና መንጋጋ

ይህን ክፍል የሚቅሙ ወንድሞችና እኅቶች ቅር ሳይሰኙ ያንብቡት። በኬንያ ሚራ የሚሉት ጫት ካቲኖን የሚባል የሚያነቃቃ ንጥረ ነገር አለው። ይህ ንጥረ ነገር የመንጋጋን ጡንቻ ያወጥራል፤ ምርቃናው ከፍ ሲል ጥርስ የሚገጥመው ስለዚህ ነው። ቅጠሉን ለሰዓታት በአንድ ጉንጭ ይዞ ማላመጥ በዚያው ወገን ያሉትን መንጋጋ ጥርሶች ያደክማል፤ አብሮ የሚወሰደው ለስላሳና ስኳር ደግሞ አሲዱን ይጨምራል። ከዚያ እንቅልፍ እምቢ ይላል፤ እንቅልፍ ለማምጣት ጨብሲ ይፈለጋል፤ አልኮሉም በተራው የሌሊቱን ማፋጨት ያነሣሣል። እንግዲህ አንዱ ሌላውን እየጠራ ይዞራል ማለት ነው። መተው ለማይችል ሰው የምንለው ቢያንስ ቀኑን ይቀንስ፣ በለስላሳ ፈንታ ውሃ ይያዝ፣ ሲጨርስ አፉን በውሃ ደጋግሞ ይጉመጥመጥ ነው።

ልጆች ሲያፋጩ

"ልጁ ጥርሱን የሚያፋጨው ትል ስላለበት ነው" የሚል እምነት በሀገራችንም በሌሎች ብዙ አገሮችም አለ። ትል ላለበት ልጅ የትል መድኃኒት መስጠት ተገቢ ነው፤ ትል ደም ያሳንሳል፣ ዕድገት ያቀጭጫል። ማፋጨቱን ግን ትሉ እንደሚያመጣው የተረጋገጠ ነገር የለም፤ ትል የሌለባቸው ልጆችም ያፋጫሉ፤ መድኃኒቱን ወስደውም የማይተዉ አሉ። በተለይ ለሕፃን ኮሶ ማጠጣት አደገኛ ስለሆነ እማማና እትዬ ቢመክሩትም አይደረግ።

በልጆች ላይ ማፋጨት ከአዋቂ ይልቅ የተለመደ ነው፤ አብዛኞቹም እያደጉ ሲሄዱ ይተዉታል። የወተት ጥርስ ቢያልቅም ይለወጣል። እዚህ ላይ ግን ወላጆች አንድ ነገር ልብ ይበሉ። በስድስት ዓመት ገደማ ከወተት ጥርሶች ሁሉ ኋላ አራት መንጋጋ ጥርሶች ይበቅላሉ። ምንም ጥርስ ሳይወልቅላቸው ስለሚወጡ ብዙ ወላጅ የወተት ጥርስ ይመስሉታል፤ እነርሱ ግን የዕድሜ ልክ ጥርሶች ናቸው፣ ምትክ የላቸውም። ልጁ ከተኛ በኋላ ቢያፋጭ መቀስቀስም መቆጣትም አይረዳም። ከመተኛቱ በፊት ያለውን ሰዓት ጸጥ ማድረግ፣ ከጩኸትና ከቁጣ ማራቅ፣ በተወሰነ ሰዓት ማስተኛት ይሻላል። ጠዋት ጠዋት መንጋጋውን የሚያመው፣ የሚያንኮራፋ፣ ወይም ጥርሱ የተሰነጠቀ ልጅ ይታይ። የሕፃንን ድድ ተልትሎ የወተት ጥርስ ማውጣት ግን ለማፋጨትም ሆነ ለተቅማጥ መድኃኒት አይሆንም፤ ደም ያፈስሳል፣ ያመረቅዛል፣ ከሥሩ የሚመጣውንም ጥርስ ያበላሻል።

በየሸራችን ምን ማድረግ እንችላለን?

በመጀመሪያ ምልክቱን ማወቅ። ጠዋት ስንነቃ መንጋጋ የሚደክመንና አፍ ለመክፈት የሚያስቸግረን ከሆነ፣ ራስ ምታቱ ከጆሮ በላይ በሁለቱ ጎን ከሆነ፣ የጉንጫችን የውስጥ ሥጋ የጥርስ ምልክት ካለበት፣ ቀዝቃዛ ነገር የሚያነዝረን ከሆነ እንጠርጥር። እርግጠኛው ምስክር ግን አብሮን የሚያድር ሰው ነው።

ቀን ቀን ጥርስ መንከስን ማስተው ይቻላል፤ ገንዘብም አይጠይቅ። ጥርሶቻችን መነካካት ያለባቸው ስናኝክና ስንውጥ ብቻ ነው፤ በቀረው ጊዜ ከንፈር ገጥሞ፣ ጥርስ ተላቆ፣ ምላስ ዝም ብሎ መቀመጥ አለበት። ይህን የሚያስታውስ ምልክት መምረጥ ይጠቅማል። አዛን ሲሰማ ወይም ደወል ሲደወል፣ ቦኖ ዘንድ ጀሪካን አስይዘን ወረፋ ስንጠብቅ፣ ለራሽን ስንሰለፍ "ጥርሴ ገጥሟል?" ብሎ ራስን መጠየቅ። ገጥሞ ከተገኘ ትንፋሽ ወደ ውጭ አውጥቶ አገጭን ማላላት። ወረፋው ከኛ ካምፕ እንደማይጠፋ ሁሉም ያውቃል፤ ስለዚህ ልምምዱ በቂ ጊዜ ያገኛል።

ማታ ማታ የተወጠረውን ጉንጭ በሞቀ ውሃ በተነከረ ጨርቅ አሥር ደቂቃ ያህል መያዝና ከጆሮ ሥር እስከ አገጭ በጣት ቀስ አድርጎ ማሸት ያሳርፋል። መንጋጋው በሚያምበት ሰሞን ቆሎ፣ አጥንትና ሸንኮራ መተው፣ ጎናችንን ቀይረን ማላመጥ ይበጃል። ቡናውን ማንም አይከለክልም፤ አቦሉም ቶናውም በረካውም ከእኩለ ቀን በፊት ቢፈላ ግን ሌሊቱ ይረጋል።

ጥርስ የሚያነዝረው ሰው ፍሎራይድ ያለበት የጥርስ ሳሙና በቀን ሁለት ጊዜ ይጠቀም፤ የበልዝ ጥርስ ያለበት አዋቂም ቢሆን ይህን መፍራት የለበትም፣ የተለወጠው በልጅነቱ ስለሆነ። ካጸዳ በኋላ አረፋውን ተፍቶ በብዙ ውሃ አለመጉመጥመጥ ይሻላል፤ ፍሎራይዱ በጥርሱ ላይ ይቆይለታል። ሎሚ ወይም ለስላሳ ከተወሰደ፣ ወይም ካስመለሰን በኋላ ወዲያው መፋቅ አይገባም፤ አፍን በውሃ ተጉመጥምጦ ግማሽ ሰዓት ያህል መጠበቅ ነው። መፋቂያም ጥሩ ነው፣ ጫፉ በደንብ ታኝኮ ከለሰለሰና በኃይል ካልተፈገፈገበት።

መደረግ የሌለበትም አለ። ሌሊት እንዳይፋጭ ተብሎ ጨርቅ፣ ጎማ ወይም ላስቲክ በአፍ ይዞ መተኛት ትንፋሽ ሊዘጋ ይችላል። አስፕሪንን በጥርስ ላይ ማስቀመጥ ድድን ያቃጥላል። በየገበያው "ላስተካክልልህ" እያሉ የተሸረፈውን ጥርስ በሞረድ የሚሞርዱ ሰዎችም አሉ፤ የሚሞርዱት ያንኑ የማይተካውን ኢናሜል ነው፤ ከዚህም ሌላ ያልተቀቀለ መሣሪያ ከሰው ወደ ሰው በሽታ ያስተላልፋል።

በሕክምና በኩል

የማፋጨትን ሥር ነቅሎ የሚያጠፋ ክኒን እስካሁን የለም። የሕክምናው ዓላማ የቀረውን ጥርስ መጠበቅ፣ ሕመሙን ማስታገስና የጠፋውን በተቻለ መጠን መተካት ነው። ለዚህ በብዛት የሚሰጠው የሌሊት የጥርስ መከላከያ ነው። የጥርስ ሐኪሙ የአፍን ልክ ወስዶ ከጠንካራ ፕላስቲክ ያሠራዋል፤ ሲተኙ በጥርስ ላይ ይደረጋል። ማፋጨቱን ሁልጊዜ አያስቆምም፤ ግን የሚያልቀው ፕላስቲኩ እንጂ ጥርሱ አይሆንም። የተሰጠው ሰው ጠዋት በቀዝቃዛ ውሃ ይጠበው፤ ፈላ ውሃና ፀሐይ ያጣምሙታል። ዘመድ ከውጭ የሚልከው በሙቅ ውሃ ለስልሶ በጥርስ የሚነከሰው የስፖርተኞች መከላከያም ለጊዜው ሊረዳ ይችላል፤ ለልጆች ግን አይሆንም፣ መንጋጋቸው በማደግ ላይ ነው።

የተሸረፈ ወይም የጎደጎደ ጥርስ ሊሞላ ይችላል። ኤሌክትሪክና መቦርቦሪያ ሳይኖር በእጅ መሣሪያ ብቻ ጥርስ የመሙላት ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ በዚሁ በእኛ አካባቢ፣ በታንዛኒያ የተጀመረ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1994 የዓለም ጤና ቀን ለአፍ ጤንነት በተሰጠበት ዓመት ዘዴውን አስተዋውቆታል። የሚሞላበት ሲሚንቶ ግላስ አዮኖመር ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ከድርጅቱ የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። ዘዴው በዋናነት ለተቦረቦረ ጥርስ ነው፤ ይሁንና ሲሚንቶው የሚያነዝረውን ጉድጓድም ለመሸፈን ያገለግላል። አጥብቆ በሚያፋጭ ሰው ላይ ግን ቶሎ ስለሚሸረፍ መከላከያው አብሮ ቢኖር ይመረጣል። እጅግ ያጠሩ ጥርሶችን በሽፋን መልሶ ማስረዘም በከተማ የጥርስ ክሊኒክ የሚሠራ፣ ዋጋውም ከፍ ያለ ነው። እርሱ ባይገኝ እንኳ ያጠረ ጥርስ የማያምና የሚያላምጥ ከሆነ ሊያገለግል ይችላል፤ ማጠሩ ብቻውን ለመንቀል ምክንያት አይሆንም።

መንቀል ግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ጥርሱ እስከ ሥሩ የተሰነጠቀ እንደ ሆነ፣ ወይም እምብርቱ ሞቶ መግል ከያዘና የሥር ሕክምና ከሌለ ሐኪሙ ሊነቅለው ይችላል። ፊት ያበጠ፣ ትኩሳት የያዘው፣ አፉን መክፈት ወይም መዋጥ ያቃተው ሰው ደግሞ ተራ ሳይጠብቅ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

ለቀሪዎቻችሁ፦ ጤና ጣቢያ ስትሄዱ "ጥርሴን አሞኛል" ብቻ አትበሉ፤ እንዲህ ከተባለ የሚታየው አንዱ ጥርስ ነው። ከመቼ ጀምሮ እንደ ሆነ፣ ጠዋት ወይስ ማታ እንደሚብስ፣ ምን መድኃኒት እንደምትወስዱ፣ ጫትና ሲጋራ ካለም ሳትደብቁ ንገሩ። "ሳይነቀል የሚሆን ሕክምና አለ ወይ? ሪፈር ይቻላል ወይ?" ብሎ መጠየቅ መብታችሁ ነው። ከተቻለም አጠገባችሁ የሚያድረውን ሰው ይዛችሁ ሂዱ፤ ድምፁን የሰማው እርሱ ነውና።